የስዊድኑ ውጤት የተገኘው ከካንሰር መዝገብ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ካንሰር መከላከል ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንብቤዋለሁ። ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ስለሰነበተ እዚህ መድገም አያስፈልገኝም። አብዛኛው ጥሩ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግን አናደደኝ። ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባት ስታነሱ፣ ክትባቱ በሽታውን በ88 በመቶ መቀነሱ «በስዊድን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተረጋገጠ» ትላላችሁ። ከጎኑ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ይታያል።

የትኛው ቤተ ሙከራ ነው? በየትኛው ማይክሮስኮፕ ነው ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች የታዩት?

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስዊድን ጥናት ከ2006 እስከ 2017 ድረስ ያን ያህል ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶችን ተከታትሏል። ተመራማሪዎቹ አንዷንም ቤተ ሙከራ አልጠሩም። የክትባት መረጃውን ከአገሪቱ የካንሰር መዝገብ ጋር አገናኙ። ማን ተከተበች? ማንስ ታመመች? 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ላይ በሽታው ካልተከተቡት በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ስዊድን የካንሰር ሕመምተኞቿን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1958 ነው። ያኔ ክትባቱ ቀርቶ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ የማህፀን በር ካንሰር እንደሚያመጣ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ሠራተኞቹ ግን ይመዘግቡ ነበር።

እኔም የካንሰር መዝገብ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ይህ ለእኔ ትንሽ ስህተት አይደለም።

ሥራችንን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቶችን፣ የሆስፒታል ካርዶችንና የሞት የምስክር ወረቀቶችን አንድ በአንድ እናነባለን። ካንሰሩ የት እንደጀመረ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደተገኘ በኮድ እናስገባለን። አንዲት ሴት ናሙናዋ በአንድ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ ሕክምናዋን በሌላ ትከታተላለች፣ በአንዱ ካርድ ላይ ስሟ አንድ ፊደል ተቀይሮ ይጻፋል። ካልተጠነቀቅን ሁለት ሕመምተኛ ትሆናለች። አድራሻዋ ካልተሞላ ደግሞ የየት አካባቢ ነዋሪ ብለን እንቆጥራታለን? ዕድሜ ከሌለስ? ወጣቶች ላይ በሽታው ቀነሰ ወይስ ጨመረ የሚለው ጥያቄ ያለ ዕድሜ መልስ የለውም። አንዲት ባዶ ሳጥን ለመሙላት ካርድ ክፍል በር ላይ ቆሜ «ነገ ተመለሽ» የተባልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገም ተመሳሳይ መልስ ነው። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው የእኛ ነው፤ «እናንተ እኮ ሕመምተኛ አታክሙም» ይባላል። በሰበሰብነው መረጃ ጽሑፍ ሲታተም ስማችን የለም። ሰው ሥራዬን ጠይቆኝ ስነግረው «ታይፒስት ነሽ ማለት ነው?» ይለኛል። የእናንተም ሪፖርተር ከዚህ በፊት ደውሎ ቁጥር ጠይቆን ሰጥተነዋል። ሲወጣ «ባለሙያዎች እንደሚሉት» ሆነ። የትኞቹ ባለሙያዎች?

ቤተ ሙከራውን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ዙር ሃውዘንና ባልደረቦቹ በ1983 ኤችፒቪ 16 የተባለውን የቫይረሱን ዓይነት በማህፀን በር ካንሰር ናሙና ውስጥ ባያገኙት ኖሮ ክትባት አይኖርም ነበር። የ2008ቱ ኖቤል ይገባዋል። ነገር ግን ቤተ ሙከራ የሚነግረን ክትባቱ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው። አንድ ሙሉ ሕዝብ ውስጥ ካንሰሩ ቀነሰ ወይ ለሚለው መልስ የለውም። ቫይረሱ ከያዘ በኋላ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 15 እና 20 ዓመት ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ለማሳየት ከማህፀን በር ሴሎች ተወስደው ከሚታዩበት ከፓፕ ምርመራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጆርጅ ፓፓኒኮላው የጀመረው ይህ ምርመራ በብዙ አገር ሲስፋፋ ሞት ይቀንሳል ወይ የሚለውን የሚመልስ፣ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያወዳደረ ሙከራ አልተደረገለትም ነበር። ታዲያ መሥራቱ በምን ታወቀ? የሰሜን አውሮፓ አገሮች መዝገባቸውን ሲያወዳድሩ ነው። ውጤቱ በ1987 ታተመ። ከ1965 እስከ 1982 ባለው ጊዜ አይስላንድ ውስጥ በማህፀን በር ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር በ80 በመቶ ወረደ። ፊንላንድ በ50፣ ስዊድን በ34 በመቶ። ኖርዌይ ውስጥ ግን የቀነሰው በ10 በመቶ ብቻ ነው። ምርመራው አንድ ነው። ሐኪሞቹም የተሻሉና የከፉ ሆነው አይደለም። ኖርዌይ ሴቶቹን በስም እየጠራ ለምርመራ የሚያመጣ አገር አቀፍ ፕሮግራም አልነበራትም። የነበራት አንድ አካባቢ ላይ ብቻ ነው። አገር አቀፍ ያደረገችው በ1995 ነው። እስቲ አስቡት፦ መዝገብ ባይኖር «ፓፕ ምርመራ አለን» ብሎ ተኝቶ ማደር ይቻል ነበር። ሴቶች እየሞቱ።

ታይዋንም እንዲሁ ናት። በ1984 ሕፃናትን የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ከሚችለው ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የሚከላከለውን ክትባት መከተብ ጀመረች። በ1997 የወጣው ውጤት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 የሆኑ ልጆች ላይ የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ። ያም የተገኘው ከመዝገብ ነው። ሐኪሙ ዴኒስ በርኪትም በስሙ የተጠራውን የልጆች ካንሰር አፍሪካ ውስጥ የት የት እንደሚታይ ያወቀው ለየሆስፒታሉ መጠይቅ ልኮ፣ በመኪና ዞሮ፣ ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ ነው። ቆይቶ በ1964 የሰው ካንሰር ውስጥ የመጀመሪያው ቫይረስ የተገኘው ከዚያው ዕጢ ነው። መጀመሪያ የተደረገው ቆጠራ ነበር።

ሌላም አለ። በ2022 በዓለም ላይ 20 ሚሊዮን አዲስ የካንሰር ሕመምተኞች «ተመዘገቡ» ብላችኋል። አልተመዘገቡም! ያ ቁጥር ግምት ነው። ያወጣው በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ራሱም ግምት ነው የሚለው። ጥሩ መዝገብ ባለበት አገር ግምቱ በእውነተኛ ቆጠራ ላይ ይቆማል። መዝገብ በሌለበት አገር ከጎረቤት አገር ቁጥር ተወስዶ ይሰላል። ስለዚህ የአንዲት አገር ሴቶች ሞት በሌላ አገር ሴቶች ሞት ይገመታል ማለት ነው። ክትባት ለየትኛው አካባቢ ይቅደም፣ የምርመራ ጣቢያ የት ይከፈት የሚለው ውሳኔ በዚህ ላይ ሲወሰን አያስፈራችሁም? እኔን ያስፈራኛል።

ጉዳቱ በሌላ በኩልም ይመጣል። አንድ መዝገብ ሥራውን ሲያሻሽል፣ ድሮ የሚያመልጡትን ሕመምተኞች ማግኘት ሲጀምር ቁጥሩ ይጨምራል። ያኔ ጋዜጦች «ካንሰር አሻቀበ» ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። በሽታው ላይጨምር ይችላል፤ የተሻለው ቆጠራው ነው። ከማሻሻሉ በፊት ደውሎ የጠየቀን የለም። ቁጥሩ ሲወጣ ግን ስልኩ አያርፍም፤ የሚጠየቀውም «ለምን ደበቃችሁ?» ነው። ጎደሎ መረጃ ይዘን እንድንሠራ ያደረገንን ማንም አይጠይቅም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እርማት አውጡ። የስዊድኑ ውጤት የተገኘው የክትባት መረጃን ከካንሰር መዝገብ ጋር በማገናኘት መሆኑን፣ 20 ሚሊዮኑም ግምት መሆኑን ጻፉ። ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ ይሁን፤ ውስጥ ገጽ ጥግ ላይ አትደብቁት። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ካንሰር መከላከል ስትጽፉ አንድ ሪፖርተር ወደ አንድ የካንሰር መዝገብ ቢሮ ላኩ። ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ይቀመጥ። አንድ ካርድ አንስቶ የጎደለውን ዕድሜና አድራሻ እሱው ፈልጎ ይሙላ። ፎቶ አንሺም ይዞ ይምጣ።

አንዲት የካንሰር መዝገብ ሠራተኛ