ለማኅበራችን አባላት፦ ስለ ሐሙሱ ውይይት

ውድ አባላት፣

ሐሙስ ከሰዓት ሐዋሳ ላይ ከከተማው ኃላፊዎች ጋር እንገናኛለን። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ ብዙ ተስፋ አለ። ይርጋለም ላይ የአቮካዶ ዘይት ይጨመቃል፤ ጥሩ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ቡናው ነው። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሆነውን ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለ የቡና ጥራት ውድድር ያሸነፈው የሲዳማ ገበሬ ነበር። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ቆልተንና አሽገን የምንሸጠው? ጥሬውን እየላክን ትልቁን ትርፍ ሌላው ይወስደዋል።

ስለዚህ የመሥሪያ ቦታና ያለ ቤት ዋስትና የሚገኝ ብድር በግልጽ እንጠይቅ። ቡና ለቀማው ላይ የሚበዙት ሴቶች ናቸውና ሴት አባሎቻችን ቀድመው ይናገሩ። የንግድ ፈቃዳችሁን ኮፒ ያዙ። መምጣት የማትችሉ እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁን።