ቸርችል ጎዳና ለጎማ ምስክር አይሆንም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በአንባቢያን አምድ ላይ አንድ ጸሐፊ በትልቁ የጉዞ ሞተር ሳይክሉ የኋላ እግር ላይ የመኪና ጎማ አስገጥሞ «ከፒያሳ ለገሃር እየተመላለስኩ ሞክሬዋለሁ፣ እንከን አላገኘሁበትም» ብሏል። ሌሎችም እንዲከተሉት ስለመከረ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የመኪና ጎማ መርካቶ ወርዶ ማግኘት ቀላል መሆኑ እውነት ነው። ላስቲኩ ጠጠር ያለ፣ ጥርሱም ጥልቅ ስለሆነ ከሞተር ጎማ ይልቅ ብዙ ይቆያል። በልኩ የተሠራ የጉዞ ሞተር ጎማ የሚፈልግ ሰው ግን ከሱቅ ሱቅ ሲንከራተት ይውላል። ስለዚህ ሰውየውን በስስት አልከሰውም።

ነገር ግን ቸርችል ጎዳና ምን ሊመሰክር ይችላል? ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቁልቁል ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ አደባባይ ቢገጥም እንኳ በዚያ የታክሲ ግርግር መካከል የሚታለፈው በእግረኛ ፍጥነት ነው። ሞተር ሳይክል ደግሞ ፈጠን ሲል የሚታጠፈው አዘንብሎ ነው። ጎማው መሃሉ ጎበጥ ብሎ የተሠራው፣ ሞተሩ ወደ ጎን ሲያዘነብልም አስፋልቱን በበቂ ላስቲክ እንዲይዝ ነው። የመኪና ጎማ ግን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ሲያዘነብል በትከሻው ብቻ ይቆማል፤ ነጂው መሪውን እየገፋ ካልያዘው ቀጥ ልበል እያለ ይታገለዋል። ባጃጅ ወይም በጎኑ ጋሪ የተገጠመለት ሞተር ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር፤ እነሱ አያዘነብሉም። ጸሐፊው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሐምሌ ዝናብ፣ ሻንጣ ጭኖ፣ ሰው አፈናጦ በዚያ ጎማ ሲወርድ «እንከን የለውም» ይል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

«የሞተሩም የመኪናውም ጎማ 16 ኢንች ናቸው» የሚለው ክርክሩም ያሳስታል። ከ2001 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተባለው ትልቅ የጉዞ ሞተር የኋላ ጎማው 180/60 አር 16 ነው። 195/55 አር 16 የመኪና ጎማ በቁጥር ሲታይ የሚገባ ይመስላል። የሞተርና የመኪና ቸርኬ ግን ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ቅርጹ ይለያያል። ጎማው ቦታውን አልይዝ ሲል ጎሚስታው ንፋስ ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል። ጎማውን ጠርዙ ላይ በማስቀመጥ ሥራ ላይ ለመኪና ጎማ ከ40 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ማለፍ እንደማይገባ የጎማ አምራቾች ያስጠነቅቃሉ፤ ካለፈ ሊፈነዳ ይችላል። የሚፈነዳው ደግሞ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን ወደ ቸርኬው አስጠግቶ፣ ጎማው «ጧ» ብሎ እስኪገባ የሚጠብቀው የጎሚስታው ልጅ ፊት ላይ ነው። የሞተሩ ባለቤት በዚያን ሰዓት ማዶ ቡና እየጠጣ ይሆናል።

በልኩ የተሠራ የሞተር ጎማ የማግኘቱ ነገር መላ አለው። ተመሳሳይ ሞተር የያዝን ሰዎች ተሰባስበን ልኩን ለአንድ አስመጪ ብናዝ ለእሱም ያዋጣዋል። ጎማው ሲመጣ በጎኑ ላይ «DOT» ከሚለው ቀጥሎ ከተጻፉት የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ማየት ነው፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የከረመ ጎማ፣ የሞተርም ቢሆን፣ ላስቲኩ ይደርቃል፤ በርካሽ ቢሸጥም አይገዛ።

ጸሐፊው የገዛውን የመኪና ጎማ ደግሞ መኪና ላለው ሰው ቢሸጠው አይከስርም፤ ገና አዲስ ነው።

የሞተር ሳይክል አሽከርካሪ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ