ቅጣቱ ያዘገየውን ሰው ይንካ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስለ ቦታው ፋይል የጠየቀ ባለጉዳይ «ነገ ና» እየተባለ ይንገላታል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 እኮ የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመለስ ያዛል። ያዘገየውን ሰው ኪስ የሚነካ ቅጣት ይጨመርበት። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የመረጃ መብት ሕግ፣ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ የመረጃ ኃላፊ በቀን 250፣ ቢበዛ 25,000 ሩፒ ራሱ ይቀጣል። እዚያም ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽኖቹ በመዝገብ ብዛት ስለተጨናነቁ ቅጣቱ ብዙ ጊዜ አይፈጸምም፤ አንቀጹን ብቻ መቅዳት አይበቃንም፣ ቶሎ የሚወስን አካልም ያስፈልገናል።

እስከዚያው፣ ወገኖቼ፣ በቃል ብቻ አትጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅታችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ይህ ከሌለ 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አይቻልም፤ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ አቤት ስትሉም ባዶ እጃችሁን ትቀርባላችሁ።

ከደሴ፣ ፒያሳ