ከመድን ወኪል ጋር ይሉኝታ አያስፈልግም

ክቡር አዘጋጅ፦

የመኪና ካሳ ዘገየ፣ ተቀነሰ፣ ተከለከለ የሚል አቤቱታ በጋዜጣ ላይ ማንበብ አዲስ ነገር አይደለም። ጣት የሚቀሰረው ወደ ኩባንያው ነው፤ አንዳንዴም በትክክል። ብዙው ክርክር ግን የሚጸነሰው አደጋ በደረሰ ቀን ሳይሆን ውሉ በተፈረመ ቀን፣ መድን ገቢውና ወኪሉ ሻይ ይዘው በተቀመጡበት ሰዓት ነው።

ወኪሉ አብዛኛውን ጊዜ የሰፈር ልጅ፣ የዕድር አባል ወይም የሥጋ ዘመድ ነው። ስለዚህ "እሱ ያውቅልኛል" ይባልና ቅጹ ባዶውን ይፈረማል። ወኪል ግን የመድን ሰጪው ኩባንያ ተወካይ ነው፤ ኮሚሽኑንም የሚያገኘው ከኩባንያው ነው። ለገዢው ወግኖ ኩባንያዎችን የሚያወዳድረው ደላላው ነው። ሁለቱም ፈቃድ የሚያወጡት ከብሔራዊ ባንክ ነው፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ለማየት መጠየቅም ነውር የለውም። ጥሩ ወኪል ሲጠየቅ አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነ ሌላ መፈለግ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የሐሳብ ማቅረቢያ ቅጹን (መድን ለመግባት የሚሞላውን መጠይቅ) ጥያቄ በጥያቄ አብሮ መሙላት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ እያወቀ አደጋውን የሚመለከት ነገር የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ቅጹን ወኪሉ በእጁ ቢሞላውም ፊርማው የመድን ገቢው ነው። በብዛት ችግር የሚያመጣው የአገልግሎቱ ዓይነት ነው፦ የቤት መኪና ተብሎ የተመዘገበ መኪና ለኪራይ ወይም ለራይድ ሲሠራ ይጋጫል፣ ካሳውም ይከለከላል። "አረቦኑ (የመድን ክፍያው) እንዳይበዛብህ የቤት መኪና ብዬ ልጻፈው" የሚል ወኪል ውለታ እየዋለ አይደለም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ያሻል፤ የአንድ አኃዝ ስህተት በኋላ ለሳምንታት ያመላልሳል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበው የመኪናው ግምት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የድሮውን ግምት እንዳለ አሳድሶ መሄድ በገዛ እጅ ራስን መቁረጥ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። መኪናው በገበያ 3,000,000 ብር ያወጣል፤ መድን የተገባለት ግን በ1,800,000 ብር ነው እንበል። ይህ 60 በመቶ ነው። የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ ኩባንያው የሚያስበው 180,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪውን 120,000 ብር ባለቤቱ ራሱ እንደተሸከመው ይቆጠራል። በውሉ ላይ የ10,000 ብር ተቀናሽ (ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ገንዘብ) ካለ ደግሞ እጅ የሚገባው 170,000 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው "1.8 ሚሊዮን ድረስ ተሸፍኛለሁ፣ 300 ሺህ ምን አላት" ብሎ የሚያስበው ይህን ባለማወቅ ነው፤ ኩባንያው የቀማውም የሚመስለው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ግምቱን አጋንኖ 4,000,000 ማድረግም ትርፍ የለውም፤ መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ አያተርፍም፣ የተጨመረው አረቦን ብቻ ይባክናል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ግምቱ ቀረጡን ይጨምር አይጨምር በጽሑፍ መለየት አለበት። ወኪሉ የገበያ ዋጋ እንዲያጠያይቅ መጠየቅ ይቻላል፤ ሁለት ሦስት መኪና ሻጭ ጋ ደውሎ ማጣራት ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ከዚያ የማይሸፈነውን ማንበብ ነው። "ሙሉ መድን" የሚለው ስም ያታልላል። ለደረጃው የማይመጥን መንጃ ፈቃድ የያዘ ሾፌር፣ ከልክ በላይ ጭነት፣ መጠጥ ጠጥቶ ማሽከርከር የተለመዱት መከልከያዎች ናቸው። በሁከትና በሽብር የሚደርስ ጉዳት ደግሞ በመደበኛው ውል ውስጥ የለም፤ በተጨማሪ አረቦን ለብቻው ይገዛል። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ባለ ከባድ መኪናም የኮሜሳ ቢጫ ካርድ (ድንበር ተሻግሮ በአባል አገሮች የሚሠራ የመድን ካርድ) ይዣለሁ ብሎ ልቡ እንዳይሞላ፤ ካርዱ በዋናነት የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትን እንጂ የራስን መኪና ጉዳት አይሸፍንም። በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ የባንኩ መብት በውሉ ላይ ስለሚጻፍ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም ገንዘቡ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው።

አረቦን በወኪሉ የግል ሒሳብ አይገባም። በኩባንያው ስም ይከፈላል፣ የኩባንያው ደረሰኝ ይያዛል። "እኔ እከፍልልሃለሁ፣ ደሞዝ ስትቀበል ትሰጠኛለህ" የሚለው ቸርነት የሚታየው በደግ ቀን ነው፤ አረቦን ካልተከፈለ ሽፋን የለም።

በዓመቱ መካከል ለውጥ ሲኖር፣ ማለትም ሾፌር ሲቀየር፣ አገልግሎቱ ሲለወጥ፣ መኪናው ሲሸጥ፣ ዕቃ ሲገጠምለት፣ ለወኪሉ በስልክ ነግሮ መተው አይበቃም። ኩባንያው ኢንዶርስመንት፣ ማለትም ለውጡን በውሉ ላይ የሚያጸና ጽሑፍ፣ መስጠት አለበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ወኪሉ ሥራ ቢለቅ "ነግሬው ነበር" የሚለውን የሚመሰክር አይገኝም። ቢያንስ በቴሌግራም ተጽፎ መልስ የተሰጠበትን መልእክት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አደጋ ሲደርስ ትልቁ ወጥመድ ሽምግልና ነው። አላፊ አግዳሚው ተሰብስቦ "በቃ ተስማሙ፣ መንገድ አትዝጉ" ይላል፤ ሰውም "ይቅር ብዬሃለሁ" ብሎ ወይም ጥፋቱን አምኖ ፈርሞ ይለያል። ይህ ደግነት ካሳውን ሊያስከለክል ይችላል። ኩባንያው ለመድን ገቢው ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥፋተኛው በስምምነት ከተለቀቀ ያ መብት ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ ሕክምና፤ ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ፣ ፎቶግራፍ፣ የሌላውን ወገን ታርጋና የመድን ኩባንያ ስም መያዝ፣ ቀጥሎ ለወኪሉም ለቅርንጫፉም ማሳወቅ ነው። ለወኪሉ ብቻ አይደለም፤ የእሱ ስልክ እሑድ ሊዘጋ ይችላል።

የኩባንያው ባለሙያ ሳያይ ጥገና አይጀመርም። ጋራዡ ኮፋኖውን ሲፈታ ከውስጥ ሌላ ጉዳት ቢያገኝ እዚያው ቆሞ ተጨማሪ እይታ መጠየቅ ይገባል፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ተቀባይ የለውም። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎችም ለኩባንያው ይመለሳሉና ጋራዡ እንዳይጥላቸው አስቀድሞ መንገር ነው።

ወኪሉ ጥቅሙ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፦ ትንሽ ጭረት ሲያጋጥም። ካሳ መጠየቅ በእድሳት ጊዜ ያለአደጋ የሚገኘውን ቅናሽ ሊያሳጣ ስለሚችል፣ የጥገናው ወጪ ከተቀናሹና ከሚጠፋው ቅናሽ ድምር ካነሰ በራስ ገንዘብ ማሠራት ያዋጣል። ይህን ሒሳብ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ወኪል የሚያዝ ነው። ሌላ ወገን ካለበት ግን ካሳ ባይጠየቅም አደጋውን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካሳው ከተከለከለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የውሉ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ተጠቅሶ። መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎም ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል። በወኪሉ "ትንሽ ታገስ፣ እየጨረስኩልህ ነው" እየተባሉ መቆየት ግን አደገኛ ነው፤ ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

ከአክብሮት ጋር
የመድን ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ