ስድስት ወር አልታሰርኩም

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ
ሐምሌ 5 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ? ግፊቷ እንዴት ነው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር በጣም ደህና ነኝ። ይህቺን "ደህና ነኝ" ለደብዳቤ ወግ ብቻ የጻፍኳት እንዳይመስልህ። ሰሞኑን ማስረጃ የሚጠየቅባት ቃል ሆናብኛለች።

ትናንት እህቴ ስትደውል እያለቀሰች ነበር። "ስድስት ወር ፈረዱብህ አሉ" አለችኝ። ማን አለ? ስላት፣ ድሬ፣ ሳቢያን ያለችው አክስቴ። አክስቴ ከማን ሰማች? ከቡና ጓደኛዋ። የቡና ጓደኛዋስ? ሚኒሶታ ካለው ልጇ። ይሄን የሚኒሶታ ልጅ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። እማዬ ጭራሽ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላለች አለችኝ። ስልኩን ስጫት ብዬ እማዬን አገናኘችኝ፤ ከ"ሃሎ" ማለፍ አልቻልንም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልህ።

አባዬ፣ አልታሰርኩም። አንድ ሰዓት እንኳ አልታሰርኩም። ትራፊክ ከሰሰኝ፣ በቃ። እሱም ትራፊክ አይደለም፣ የደን ፖሊስ ነው። ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት። የሚያስቀውን ቦታ እንዳትዘልባት።

ሰኔ 27 እነሱ ጁላይ 4 የሚሉት የነጻነታቸው ቀን ነው። ሥራ ዝግ ነው። እኔ፣ አንድ የሐረር ልጅና አንድ የወሎ ልጅ ሆነን ተራራ ወጣን። መኪናዋ የሐረሩ ልጅ ናት። አሮጌ ቶዮታ ፎርራነር፤ የላንድክሩዘር ታናሽ እህት በላት። መሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ጠጠር መንገድ ሲመጣ ሁሌም መሪው ወደ እኔ ይመጣል። ያንተ ልጅ ነኝ ብዬ ስለምፎክር ነው።

እዚህ ሀገር አስፋልት ሞልቶ ተርፏቸው፣ ቅዳሜና እሁድ አስፋልት የሌለበትን ፍለጋ ይወጣሉ። ኦፍሮድ ይሉታል። አንተ ስንት ዓመት ለእንጀራ የሠራኸውን እነሱ ከኪሳቸው ከፍለው ይዝናኑበታል። ከሽንሌ ወዲያ በአይሻ አድርገህ እስከ ደወሌ፣ መንገድ ሳይኖር ሹፌር ሁሉ የራሱን ዱካ እያወጣ ሲሄድ እንደነበር ለሥራ ባልደረባዬ ብነግረው "አባትህ ዕድለኛ ነው" አለኝ። ኡፋ! ጎማ ፈንድቶብህ ውሃ አልቆብህ ሁለት ቀን የቆምክባትን ጊዜ ብነግረው ደግሞ የበለጠ ይቀናብህ ነበር።

የወጣንበት መንገድ ራሱ ሕጋዊ ነው። ቁጥር ያለው የደን መንገድ ነው። ዴንቨር ራሷ ከሐረር ትንሽ ዝቅ ትላለች ብልህ አታምነኝም፤ እኛ ግን ከ3,300 ሜትር በላይ ደርሰናል። ትንፋሽ ያጥራል። ጎማዎቹን ነፋስ ቀነስንላቸው፣ ከባድ ማርሽ አስገባሁ፣ ቀስ እያልን ወጣን። "አትርገጣት፣ እሷው ትጎትት" ስትለኝ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ያልቀለጠ በረዶ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። በክረምት መባቻ በረዶ! ለነገሩ የእነሱ በጋ ነው። ከጎኑ ለምለም መስክ አለ። መስኩ ላይ ደግሞ የጎማ ዱካ አለ፤ ከእኛ በፊት የመጣ ሰው በረዶውን ዞሮ አልፏል። የሐረሩ ልጅ "አቦ እኛም እንዙራ" አለ። ዞርኩ።

ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ መንዳት ስታስተምረኝ ምን ነበር ያልከኝ? "ዱካ ካለ መንገድ አለ፣ ሌላው ካለፈ አንተም ታልፋለህ።" አባዬ፣ ያ ለደቻቱ አሸዋ ነው። እዚህ ሃያ ሜትር ሳንሄድ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ። ሣሩ ከላይ ደረቅ ይመስላል፤ ከሥሩ የበረዶ ውሃ የጠጣ ጥቁር ጭቃ ነው። ነዳጅ ስሰጣት ጭቃው ተነስቶ የወሎውን ልጅ ነጭ ጫማ እስከ ጉልበቱ አለበሰው። ምንጣፎቹን አውጥተን ከጎማው ሥር አነጠፍን። በላቸው። ድንጋይ ለቅመን ጎሰርን። እሱንም በላው። እየተሳሳቅን ፎቶ ስንነሳ፣ ከላይ መንገዱ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው ነጭ ፒክአፕ ቆመ።

የወረደችው ሴት ናት። ዩኒፎርም፣ ሽጉጥ፣ የፀሐይ መነጽር። እዚህ ጋ ነው የሐረሩ ልጅ ሊያስገድለን የነበረው።

ድሬ ብንሆን ምን ታደርጋለህ? ትራፊክ ጥላ ሥር ቆሞ ፊሽካ ሲነፋ፣ ዳር ትይዛለህ፣ ትወርዳለህ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ወደሱ ትሄዳለህ። "ወንድሜ፣ የዛሬን አቦ" ትለዋለህ። ድሬ አንቱታ የለም፤ ኮሎኔልም ቢሆን አንተ ነው። የሐረሩ ልጅም ይሄንኑ አደረገ። ፈገግ ብሎ፣ "ሃሎ ሃሎ" እያለ፣ በፈጣን እርምጃ ወደ ሴትዮዋ ወጣ። እየሄደ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ። የመኪናዋን ወረቀት ሊያወጣ ነው። እሷ ግን ያንን በምን ታውቃለች? አንድ እጇን ወደፊት ዘርግታ "እዛው ቁም! እጅህን አሳየኝ!" አለችው። ሌላው እጇ ወገቧ ላይ ነው።

እግሩን አንስቶ ሳያሳርፍ ደረቀ። ቀስ ብሎ እጁን ሲያወጣ፣ በእጁ ላይ ያለው የቆሎ ፌስታል ነው። ኪስ ተሳስቶ። ጭንቅ ገብቶት "ኢትዮጵያን ስናክ" አላት፤ ወደሷም ዘረጋላት። ሴትዮዋ ፌስታሉን አየች፣ እሱን አየች፣ በጭቃ የተለወስነውን እኛን አየች። እጇ ከወገቧ ወረደ። "አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለች። የወሎው ልጅ በጆሮዬ "ጉቦ ብላ ብትመዘግበውስ?" አለኝ። ቆሎ ጉቦ ሰጥቶ የተከሰሰ የመጀመሪያው ሐበሻ ልንሆን ነበር።

ለእህቴ ይሄን ንገራት፣ ዲቪው ከወጣላት ይጠቅማታል። እዚህ ፖሊስ ሲያስቆምሽ ከመኪና አይወረድም። መስኮት ከፍተሽ፣ ሁለት እጅሽን መሪው ላይ አድርገሽ ትጠብቂያለሽ። ሊብሬውም ሆነ ኢንሹራንሱ ያለበትን ቦታ ከመንካትሽ በፊት "እዚህ ውስጥ ነው፣ ላውጣው?" ብለሽ ትናገሪያለሽ። መለማመጥ ብዙም አይሠራም። ማኩረፍ ደግሞ ያባብሳል።

ከዚያ ወረደችና "መሪ የያዘው ማነው?" አለች። የሐረሩ ልጅ "መኪናው የኔ ነው" አለ። "እሱን አልጠየቅኩም" አለችው። እኔ ነኝ አልኩ። ያው ልማድ አይለቅም፣ መከራከር ጀመርኩ። ክልክል ነው የሚል ምልክት የለም፣ ሰው ያለፈበት ዱካ አለ፣ የእኛ ጥፋት የቱ ጋ ነው? አልቆጣችም። ከመኪናዋ ትልቅ ወረቀት አምጥታ የፎርራነሯ ኮፈን ላይ ዘረጋችው። ካርታ ነው፤ ጌጥ የለው፣ ቀለም የለው፣ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር። "ምልክቱ ይሄ ነው" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2005 (በእነሱ አቆጣጠር ነው) በወጣ ደንብ በመንግሥት ደን ውስጥ መኪና የሚሄድበት መንገድ ሁሉ በካርታ ይወጣል። ካርታው በነጻ ነው፣ ስልክህ ላይ ብትጭነው ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል። የትኛው መንገድ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን ክፍት እንደሆነ ሳይቀር ይነግርሃል። ካርታው ላይ መስመር ካለ መንገድ ነው። ከሌለ፣ መቶ መኪና ቢያልፍበትም መንገድ አይደለም። ዳር ላይ ምልክት ቢተከል ባይተከል ለውጥ የለውም። ማወቅ የሹፌሩ ፈንታ ነው። አንተ ደግሞ ከአይሻ እስከ ደወሌ በኮከብ ነው የነዳኸው!

"በረዶው ከዘጋብኝ ምን ማድረግ ነበረብኝ?" አልኳት። "መመለስ" አለች። እንደሱ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን ሹፌር ተመለሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ከዚያ ወደ ጎማችን ጠጋ ብላ ቁጢጥ አለች። ጎማው የቀደደውን ቦይ በጣቷ አሳየችኝ። እዚህ ከፍታ ላይ ሣር የሚበቅልበት ጊዜ አጭር ነው፤ አንዴ የተቀደደ መስክ ቶሎ አይድንም። የጎማ ቦይ ደግሞ የውሃ መንገድ ይሆናል። ውሃው ተሰብስቦ በሱ ይወርዳል፣ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፣ በየዓመቱ እየጠለቀ ይሄዳል። ቆመን ስናየው እንኳ የቀለጠው በረዶ በእኛ ዱካ መውረድ ጀምሮ ነበር። በጣት ውፍረት የምታህል ውሃ፣ ኩልል እያለች።

አባዬ፣ እሷን ውሃ ሳያት አንገቴ ቀዘቀዘ። የ1998ን የሐምሌ 29 ሌሊት አስታወስኩ። አንተ ያኔ ደወሌ ነበርክ። ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነው፤ ውሃው ግን ደቻቱን ይዞ የመጣው በተኛንበት ነው። እማዬ እኔንና እህቴን ይዛ የጎረቤት ሰገነት ላይ አወጣችን። ጠዋት ስንወርድ ኳስ የምንጫወትበት አሸዋ ላይ የሰው አልጋ ነበር። አልጋው ላይ አንሶላው አልወለቀም። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ አንተ በዝናብ ወራት ደቻቱ ዳር መኪና ማቆም ትተህ ነበር። ለሴትዮዋ ይሄን አልነገርኳትም። ከየት እጀምርላታለሁ? ብቻ መከራከሬን አቆምኩ።

ክሱን ጻፈች። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሣጥን አለ። በአንደኛው ከተጻፈብህ ግዴታ ዳኛ ፊት ትቀርባለህ። በሁለተኛው ከሆነ ወይ ትከፍላለህ ወይ "አልቀበልም" ብለህ ዳኛ ትጠይቃለህ። የኔ ሁለተኛው ነው። ክፍያውን የሚከታተለው ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ያለ ቢሮ ነው፤ በፖስታም በኢንተርኔትም መክፈል ይቻላል። ከቅጣቱ ላይ የጉዳይ ማስፈጸሚያ ብለው 30 ዶላር ይጨምሩብሃል። ኪስህ ገብቶ ከተረሳ ነው ጣጣው። የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣብህ ይችላል፣ መንጃ ፈቃድህንም ሊያሳግድብህ ይችላል። እኔ ደግሞ ሰው ኤርፖርት በማመላለስ ነው የምኖረው። ማታ ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ከፈልኩ።

እና ስድስት ወሩ ከየት መጣ? የወሎው ልጅ ነዋ! ማታ ስልኩ ላይ ሕጉን ሲያነብ፣ እንዲህ ላለ ጥፋት ከፍተኛው ቅጣት እስከ ስድስት ወር እስር ድረስ እንደሚሄድ አገኘ። ለጓደኞቹ በድምፅ "ወንድማችን ዛሬ እስከ ስድስት ወር የሚያሳስር ነገር ገጥሞት ተረፈ" ብሎ ላከ። "እስከ" ዴንቨር ቀረች። "ተረፈ" ሚኒሶታ ቀረች። ድሬ የደረሰው ስድስት ወሩ ብቻ ነው።

ከጭቃው እንዴት ወጣችሁ ትለኛለህ። ባልና ሚስት በጂፕ መጡ፤ ከፊቱ በሞተር የሚጠቀለል የብረት ገመድ ያለው። የደን ፖሊሷ ጂፑ ከመንገድ እንዳይወርድ ከላይ ቆማ እየተቆጣጠረች፣ በገባንበት ዱካ ወደ ኋላ ጎትተው አወጡን። ባልየው ቆሎውን ሳያንገራግር ወሰደ።

የዚህ ወር የምልከው ትንሽ ቀነስ ያለ ነው፤ ምክንያቱን አሁን አውቀሃል። በሚቀጥለው እክሳለሁ። ለአክስቴ አንተው ደውልላት፤ እኔ ከደወልኩ ከእስር ቤት ነው የደወለው ትላለች። እማዬ ጥላውን ገዝታ ከሆነ አትመልሰው። ሐምሌ 19 ደርሷል፣ ስለት ስለት ነው። "ልጄን ከእስር አውጣልኝ" ብላ ከነበረ ገብርኤል ሳልገባ ነው ያወጣኝ።

ፎቶውን በእህቴ ስልክ ልኬዋለሁ። መነጽርህን አድርገህ የኋላውን ግራ ጎማ ልብ ብለህ እየው። የሐረሩ ልጅ ነፋሱን የበለጠ ብንቀንስ ትወጣ ነበር ይላል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ነዳጅ የሰጠኋት ጊዜ ነው ያበላሸሁት እላለሁ። በምሳ ተወራርደናል። ቶሎ መልስልኝ።

ልጅህ