ሜትሩን አንተ ትይዛለህ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሁድ በስልክ «እማ፣ ዕድሜሽን በአሮጌ ቤት ጨርሰሽ ምን አገኘሽ?» ብለህ ጠየቅከኝ። ለክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ። ምርቃትህ ደርሷል። የመስታወት ፎቅ የሚሠሩት ሰዎች ጠርተውሃል፤ ልብህ ግን ወደ ቅርስ ጥገና ያዘነብላል። ስልኩ ላይ መልስ ጠፋኝ። ስጽፍ ይቀለኛል።

ከህንጻ ኮሌጅ ስወጣ እኔም የምመኘው አዲስ ነገር መሥራት ነበር። የደረሰኝ ግን አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት ማደስ ሆነ። የግድግዳው መጋጠሚያ ተቦርቡሮ ነበር። ሲሚንቶ አዘዝኩ። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ያምራል። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም አመሰገነኝ።

ከሦስት ክረምት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሲሚንቶው ምንም አልሆነም። ድንጋዩ ግን እየተላጠ ይረግፋል። በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆኖ ጫማዬ ላይ ወረደ። አብረውኝ የነበሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ በመዶሻቸው እጀታ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። «አፍንጫውን ደፈናችሁበት» አሉኝ። ያን ቀን የተማርኩትን አራት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጬ አልተማርኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድንጋይ ግንብ ከመሬትም ከዝናብም ውሃ ይጠጣል። የጠጣውን ማስወጣት አለበት። በኖራ የተገነባ ከሆነ እርጥበቱ በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል። ኖራ ከድንጋዩ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው። ሲያረጅ ፈልፍለህ ሌላ ትሞላለህ፤ ድንጋዩ ይተርፋል። ሲሚንቶ ግን አያሳልፍም። ውሃው ሌላ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ይዞት የመጣው ጨው እዚያው ይቀርና ይጠጥራል፤ የድንጋዩን ቆዳ ከውስጥ እየገፋ ይልጠዋል።

ጎንደር ስትሄድ ይህን አስብ። ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ ተጠጋግኖ ነበር። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን እያወጡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው ሁሉ አንጋጦ ማማዎቹን ፎቶ ያነሳል። አንተ ጠጋ በልና መጋጠሚያውን እይ።

ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። የኖራው ድንጋይ 900 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል። ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈርሳል። ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ወፍራም ግንብ ላይ ዓመታት ይፈጅበታል። ሃያ ዓመት አስተማርኩት፤ ዛሬም ይገርመኛል።

ቅርስ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ላሊበላና አክሱም ነው። እኔን የያዙኝ ግን የአዲስ አበባ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ። የአገሬው ሰው ከሕንድና ከአርመን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የሠራቸው ቤቶች። ብዙዎቹ የፈረሱት ጭቃው ደክሞ አይደለም። ጣሪያው ሲያፈስ የቆርቆሮ ምስማር የሚመታ ሰው ስላጡ ነው። ይህን ስጽፍ ሆዴ ይባባል።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ካፈረሷቸው ቤቶች አንዱን እኔ ከዓመታት በፊት ለክቼው ነበር። የደረጃው መርገጫ አስራ ሰባት ነው። ስድስተኛው መሐሉ ጎድጓዳ ነበር፤ ያን ያህል ሰው ረግጦታል። የበረንዳው እንጨት ላይ አናጢው የተሳሳተበትና ያረመበት ቦታ ሳይቀር ሥዕሉ ላይ አለ። ዛሬ ያ ቤት ያለው እኔ መሳቢያ ውስጥ፣ በእርሳስ በተሠሩ ስምንት ወረቀቶች ላይ ነው። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤቶች ልጅ መጥታ ወረቀቶቹን ስታይ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ጣቷን አሳርፋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ምን አገኘሽ ላልከኝ፣ ገንዘብ አላገኘሁም። ይህን አልደብቅህም። የቤት ኪራያችንን ታስታውሳለህ። ጥናት ጽፌ የሚያነበው ያጣሁበት ጊዜም ብዙ ነው። ግን አንድ ቤት ፊት ስቆም ማን እንደሠራው፣ የቱ ጋ እንደተቸገረ፣ የትኛው ግድግዳ በኋላ እንደተጨመረ ማንበብ እችላለሁ። ማንበብ ያልቻልኩትን ደግሞ አልነካም። እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የወጣው የቅርስ ጥገና ቻርተር ግምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጥገናው መቆም አለበት ይላል። ወጣት ሳለሁ ይህ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ያ የተላጠ ድንጋይ ነው አሳቤን የቀየረው።

የፎቆቹን ሥራ ብትይዝ አልቀየምህም። ዳቦ ነው፤ አንተም ወግ ማዕረግ ይገባሃል። ከመወሰንህ በፊት ግን አንድ ነገር አብረኸኝ ሥራ። ቅዳሜ ጉለሌ አካባቢ አንድ ቤት እለካለሁ። ባለቤቶቹ ሊሸጡት ነው፤ ሳይፈርስ እንድደርስበት ፈቅደውልኛል። በላይኛው ፎቅ የተቀባ ጣሪያ አለ አሉኝ፤ ጉልበቴ ግን ያንን ደረጃ አይችለውም።

ዓርብ ማታ ናልኝ። ሽሮ እሠራልሃለሁ። ጠዋት ሜትሩን አንተ ትይዛለህ፤ እኔ ከታች ሆኜ እጽፋለሁ።

እናትህ