በጭቃ ሜዳ ላይ ስለሚጫወተው የልጅ ልጅዎ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም በጥር ቁር እንዳይብስብዎ እሰጋለሁና፣ እባክዎ ፀሐዩ ሳይሞቅ ከቤት አይውጡ። እኛ በልዑል እግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «ይህን ልጅ በብርድና በጭቃ ለምን ታስደበድቢዋለሽ? አስተይው እንጂ!» ብለው መቆጣትዎ ከልቤ አልወጣም። እኅቴ ባሳየችዎ ፎቶግራፍ ላይ ከዐይኑ በቀር ጭቃ ያልነካው የለም፤ ከንፈሩም ላይ ደም የሚመስል ነገር ይታያል። እሱ ደም አይደለም፤ ሁሉም ተጫዋች የሚነክሰው የጥርስ መከላከያ ላስቲክ ነው፣ የእሱ ቀይ ሆኖ ነው። ሆኖም ጉዳዩ በዚህ ብቻ የሚያበቃ ስላልሆነ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ልመልስልዎ ወደድሁ። ልጁን ራግቢ ከሚባለው የኳስ ጨዋታ ላስወጣው አላሰብሁም፤ ምክንያቴን ግን ከእኔ ከራሴ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ፎቶግራፉ የተነሣው ከገና በኋላ በነበረው እሑድ ነው። የሰፈራችን ክለብ ከ14 ዓመት በታች ቡድን ከብሪስቶል ተነሥቶ እዚሁ እንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዳርቻ ካለ ሌላ ክለብ ጋር ሊጋጠም ሄደ። ባዝ ማለት በክፍል ውስጥ ለተማሪዎችዎ ሲያነሡት የነበረው ከተማ ነው፤ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሀውስ እዚያ ይገኛል፣ በኋላም በ1958 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማው ሰጥተውታል። ስናልፍ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ለልጁ ባመለክተውም ልቡ ጨዋታው ላይ ስለነበር ልብ አላለውም። ቀኑ ሲረዝምና ብራ ሲሆን ወስጄ አሳየዋለሁ።

የዚህ አገር ጭቃ ከእኛው የክረምት ጭቃ ይለያል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲያባራ የመስከረም ፀሐይ መሬቱን ታጠነክረዋለች፤ እዚህ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ቶሎ ስለምትጠልቅ ውኃው አይተንም፣ ሣሩም ሙቀቱ ከአምስት ወይም ከስድስት ዲግሪ በታች ሲወርድ ማደጉን ስለሚያቆም፣ በመጸው የተረገጠው መሬት እስከ ፀደይ ድረስ ተራቁቶ ይከርማል። የራግቢ ውድድር ደግሞ የሚካሄደው ልክ በዚህ ወቅት ነው። የዚያን ዕለት ከሜዳው ዳር ቆሜ ሳየው የመስመሩ ኖራ እንኳ በጭቃው ውስጥ ሊለይ አይችልም ነበር። ቢሆንም ጨዋታ የሚሰረዘው ጭቃ ስላለ ሳይሆን ሜዳው ውኃ ሲያቁር ወይም መሬቱ በውርጭ ሲደርቅ ነው። ዳኛው ከጨዋታው በፊት ሜዳውን ዞሮ በተረከዙ እየጫነ መሬቱን ሲፈትሽ አይቼዋለሁ፤ የደረቀ መሬት የወደቀን ልጅ ይጎዳል፣ ጭቃ ግን ወዳቂን ይቀበላል።

የጨዋታውን ሕግ ባጭሩ ልንገርዎ። በየወገኑ 15 ልጆች ይሰለፋሉ፤ ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅ የሚቀባበሏትም ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳሷን ተሸክሞ የተቃራኒውን ጎል መስመር አልፎ መሬት ያስነካ ልጅ ለቡድኑ አምስት ነጥብ ያስገኛል፤ ይህንን ትራይ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ኳሷን በቋሚዎቹ መካከል በእግር የላከ ሁለት ይጨምራል። ኳስ የያዘውን ልጅ አቅፎ መጣል ይፈቀዳል፤ አያያዙ ግን ልቅ አይደለም፣ በእንግሊዝ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በክለብ ደረጃ የሚጫወት ሁሉ ከደረት አጥንት ግርጌ በላይ መያዝ ተከልክሏል። እርስዎ በወጣትነትዎ በደብረ ብርሃን ሜዳ የተጫወቱት የገና ጨዋታ እኮ ከዚህ ይልቅ ያስፈራ ነበር፤ ዱላና ሩር ይዞ እግር ለእግር መጋጠም ስንቱን አንካሳ እንዳደረገ ሲያወሩልን ነው ያደግነው። እዚህ ቢያንስ ዱላ የለም። ደግሞም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲሉን የነበረው ነገር በዚህ ሜዳ ላይ ሕግ ሆኖ ተጽፏል፤ ከዳኛው ጋር የሚከራከር ልጅ ቡድኑን ያስቀጣል።

እርስዎን ያስደነገጠዎት ፎቶግራፍ የተነሣው ስክረም ላይ ነው። ኳስ ከእጅ አምልጦ ወደ ፊት ሲወድቅ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ጎንበስ ብለው ይጋጠማሉ፣ ኳሷም በመካከላቸው ትገባለች። ዳኛው በሦስት ትእዛዝ፣ ጎንበስ በሉ፣ ተያያዙ፣ ግጠሙ እያለ ነው የሚያስጀምራቸው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ መግፋት ክልክል ነው። የእኛ ልጅ ሦስት ቁጥር ለብሶ በፊተኛው ረድፍ በስተቀኝ ጫፍ ይቆማል። የዚያን ዕለት ከእኔ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲጋጠሙ የታኬታው ጥርሶች በጭቃው ውስጥ እስከ ጫማው አፍ ሰጥመው ነበር፤ ቀኝ እግሩ ሲንሸራተት ቶሎ ወደ ፊት መልሶ ይተክለዋል፣ እንደገና ይንሸራተታል፣ እንደገና ይተክለዋል፤ ከሁሉም ልጆች ጀርባ እንደ ድስት እንፋሎት ይወጣል። የሚሰማው ድምፅ ትንፋሽና የጭቃው ጥጭጭ ማለት ብቻ ነበር።

አባቴ፣ የመጣሁበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ልጁ ሰውነቱ ደንደን ያለ መሆኑን ያውቃሉ። እግር ኳስ ይጫወት በነበረበት ጊዜ ወይ በረኛ ያደርጉታል ወይ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፤ እኩዮቹም በሰውነቱ ያላግጡበት ስለነበር ከቤት መውጣት ጠልቶ ነበር። ይህንን በስልክ ያልነገርሁዎ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ራግቢ ግን ሯጩንም፣ ረጅሙንም፣ አጭሩንም፣ ከባዱንም የሚፈልግ ጨዋታ ነው፤ ያለ ከባድ ልጅ ስክረም አይቆምም። ጭቃ ሲሆን ደግሞ ኳሷ ስለምታዳልጥ ከእጅ ቶሎ ቶሎ ትወድቃለች፣ ስክረሙ ይበዛል፣ ፈጣኖቹ ልጆች መሮጥ ስለማይችሉ ጨዋታው በፊት ረድፈኞቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሌሎች የሚያማርሩበት የዝናብ ቀን ለእሱ የሚከበርበት ቀን ነው። ባለፈው እሑድ አሰልጣኙ ስክረም ሲመጣ ስሙን እየጠራ ሲያበረታታው፣ ከዳር የቆሙትም ወላጆች ተቀብለው ሲጠሩት ሰምቼ እንባዬ መጣ። በቡድኑ ውስጥ የሐበሻ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ ያንን ስም አስተካክለው ለመጥራት ሁሉም ተለማምደዋል።

አደጋ የለውም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። በሁለተኛው አጋማሽ ከባዝ ልጆች አንዱ ኳስ ይዞ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከሌላ ልጅ ጉልበት ጋር ተጋጨ። ዳኛው ወዲያው ጨዋታውን አቆመ፤ የመጀመሪያ ሕክምና የሚሰጡት ሴትዮ ጭቃው ውስጥ ተንበርክከው ልጁን አነጋገሩት፣ ልጁም «ደህና ነኝ፣ ልጫወት» እያለ ቢለምን ከሜዳ አወጡት። እዚህ አገር በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ መሠረት ጭንቅላቱን በመመታት የተጠረጠረ ተጫዋች በዚያ ቀን አይመለስም፣ ወደ ውድድር ለመመለስም ቢያንስ 21 ቀን ይጠብቃል። በዚህ ረገድ ማንም ወላጅ ሲከራከር አላየሁም። ይህ ጥንቃቄ ባይኖር እኔም እንደ እርስዎ አስወጣው ነበር።

ጨዋታውን አሥር ለአምስት ተሸነፍን። የእኛ አምስት ነጥብ የተገኘው መስመሩ አጠገብ ከተደረገ ስክረም ነው፤ ልጃችን ያለበት ረድፍ ገፍቶ መንገድ ሲከፍት ከኋላ የነበረው ልጅ ኳሷን አንሥቶ ገባ። ተጨማሪዎቹን ሁለት ሁለት ነጥቦች ግን ማንም አላገኘም፤ የሚመታው ልጅ የቆመበት እግር እየከዳው ኳሷ ከምድር አልተነሣችም። ጨዋታው ሲያልቅ አሸናፊዎቹ ሁለት ረድፍ ሠርተው በመካከላቸው እኛን እያጨበጨቡ አሳለፉ፣ እኛም በተራችን እነሱን አሳለፍን። ከዚያ ባለሜዳዎቹ በክለባቸው ቤት ለእንግዶቹ ቋሊማና የተጠበሰ ድንች አበሉ፤ ሲጣጣሉ የዋሉ ልጆች በአንድ ገበታ ተቀላቅለው ሲሣሣቁ ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር። ልብሱን ከማጠቢያው በፊት ውጭ በውኃ ቱቦ ያጠብሁት ራሴ ነኝ፤ የዚህ ድካም የእኔ ይሁን።

ስለ ቅዳሴውም ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ። ጨዋታው እሑድ ጠዋት መሆኑ እኔንም ከብዶኛል። በዐበይት በዓላት እንዳይሰለፍ ከአሰልጣኙ ጋር ተስማምተናል፤ ውድድር በሌለበት እሑድም አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በሚቀጥለው ስትነጋገሩ «ተወው» አይበሉት፤ የእርስዎ ቃል ለእሱ ከእኔ ቃል ይበልጣልና ይተወዋል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ቤት ይውላል። ይልቁንስ ምን ቁጥር እንደሚለብስ፣ ስክረም ውስጥ እግሩን እንዴት እንደሚተክል ይጠይቁት፤ የገና ጨዋታዎንም ይንገሩት፣ አማርኛው ቢደነቃቀፍም ይሰማዎታል። እሑድ በእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቢደውሉ ከጨዋታ ተመልሶ፣ ታጥቦና በልቶ ያገኙታል።

አክባሪ ልጅዎ
ከብሪስቶል